ጎልፍ ከጉድጓዱ ወደ ኋላ፦ ለጀማሪዎች የአሠራር መመሪያ

ከስታዲየም ወደ ጦር ኃይሎች በባቡር ስሄድ የጎልፍ ቦርሳዬን አይቶ የማይጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል። ሜክሲኮ ላይ የሚገባ ተማሪም፣ ልደታ ፍርድ ቤት የሚወርድ ጠበቃም ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከምን ይጀመራል?» መልሱ በሁለት ፌርማታ አያልቅም። ስለዚህ ከ30 ዓመት በላይ ሳስተምርበት የኖርኩትን ቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ሊማር የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያምረው ረጅሙን ዱላ፣ ድራይቨርን፣ አንስቶ ኳሷን ማስወንጨፍ ነው። እኔ የማስጀምረው ግን ከሌላኛው ጫፍ፣ ከጉድጓዱ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ከዚያ አሥር ሜትር፣ ቀጥሎ ሠላሳ፣ ቀጥሎ መቶ እያልን ወደ ኋላ እንሄዳለን። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በትንሿ ምት ላይ ያልተስተካከለ አያያዝና አቋቋም በትልቋ ምት ላይ ስህተቱ ይበዛል እንጂ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ፓር 72 በሆነ፣ ማለትም በ72 ምት ያልቃል ተብሎ በተሰላ፣ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ላይ ስሌቱ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ፑት (ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልል ምት) ይሰጣል። ያ ማለት ከ72ቱ ምት 36ቱ በፑተር፣ በፑት መምቻው ዱላ፣ የሚመታ ነው። ግማሹን ጨዋታ ሳሎናችሁ ውስጥ መማር ትችላላችሁ።

የሚከተለው ሁሉ ለቀኝ እጅ ተጫዋች የተጻፈ ነው። ግራኝ ከሆናችሁ ቀኝና ግራውን ገልብጣችሁ አንብቡ፤ ዱላም ስትገዙ የግራኝ መሆኑን አረጋግጡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሦስት ዱላ፦ 7 ቁጥር አይረን (ጭንቅላቱ ብረት የሆነ ዱላ)፣ ፒቺንግ ዌጅ (ፊቱ ይበልጥ ያዘነበለ የአጭር ምት ዱላ) እና ፑተር። ሕጉ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ግን ሦስቱ ይበቃሉ። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ዱላ ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ብረቱን ጠረጴዛ ላይ አንከባልሉት፤ ከተንገዳገደ ጎብጧል። ጭንቅላቱን ይዛችሁ ለማዞር ሞክሩ፤ ከተንቀሳቀሰ ማጣበቂያው ለቋል። የላስቲክ መያዣው ደርቆ የሚያንሸራትት ከሆነ ዋጋውን አስቀንሱ፤ መያዣው የሚቀየር ነገር ነው።
- አሥር ያህል ያገለገሉ ኳሶች። የጎልፍ ኳስ ውፍረቷ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም፣ ክብደቷም ከ45.93 ግራም አይበልጥም። ለመማር ርካሿ ትበቃለች።
- የካልሲ ኳስ። ልጆች ሆነን ለእግር ኳስ እንደምንሠራው ነው፤ መጠኗ ብቻ ያንሳል። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ በሲባጎ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ የሎሚ ያህል ትሁን።
- ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ጸጉሩ አጭር የሆነ ምንጣፍ።
- አንድ የሻይ ብርጭቆ። የጎልፍ ጉድጓድ አፉ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የብርጭቆው አፍ ከዚያ በጣም ስለሚጠብ ሜዳ ላይ ስትወጡ ጉድጓዱ ሰፊ ሆኖ ይታያችኋል።
- ሁለት ቀጥ ያሉ የመጥረጊያ እንጨቶች፣ አንድ ፎጣ፣ አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ።
- ሶሉ ጠፍጣፋና የማያንሸራትት ጫማ፣ ባርኔጣ፣ ውሃ። ለግራ እጅ ጓንት ካገኛችሁ ጥሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ፣ ዱላ ከማንሳታችሁ በፊት

እውነተኛ ኳስ በጊቢ ውስጥ፣ በኮንዶሚኒየም ግቢ፣ በመስቀል አደባባይ ወይም ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት በጃን ሜዳ በአይረን አትምቱ። ጀማሪ የመታት ኳስ እንኳ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ልትበር ትችላለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ደግሞ እናንተም አታውቁም። ከሜዳ ውጭ በካልሲ ኳስ ብቻ ተለማመዱ።

ዱላ ከማወዛወዛችሁ በፊት ዙሪያችሁን ሙሉ ተመልከቱ፤ ሰው ቢያንስ ከአራት ሜትር በላይ ይራቅ። በተለይ ሕፃናት ከኋላ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ቀጭን ምንጣፍ አንጥፋችሁ በሙሉ ኃይል ወደ ታች አትምቱ፤ ንዝረቱ የእጅ አንጓንና ክርንን ይጎዳል፣ ሕመሙም ለወራት አይለቅም።

ደረጃ 1፦ አያያዝ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከአካላችሁ ዱላውን የሚነካው እጃችሁ ብቻ ነው። እጅ ሲጣመም የዱላው ፊት ይጣመማል፤ ኳሷም ፊቱን ትከተላለች።

1. 7 ቁጥሩን መሬት ላይ አሳርፉት፤ የፊቱ የታችኛው ጠርዝ ከዒላማው ጋር ቀጥ ይበል።
2. ዱላው በግራ እጃችሁ ጣቶች ላይ ያልፋል፤ ከጠቋሚ ጣት መካከለኛ አንጓ ተነስቶ ትንሿ ጣት ከመዳፍ እስከምትገጥምበት ድረስ። መዳፍ መሐል አትጨብጡት፤ መዳፍ ውስጥ የገባ ዱላ የእጅ አንጓን ያስራል።
3. እጃችሁን ዝጉና ወደ ታች ተመልከቱ። የግራ እጃችሁ ጀርባ ላይ ሁለት የጣት አንጓዎች መታየት አለባቸው። አንድ ብቻ ከታየ ኳሷ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ አራቱም ከታዩ ወደ ግራ።
4. ቀኝ እጃችሁን ከሥሩ ጨምሩ። የግራ አውራ ጣት በቀኙ መዳፍ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቅ።
5. የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ሦስት ምርጫ አላት፦ በግራ ጠቋሚና መካከለኛ ጣት መካከል ከላይ መተኛት፣ ከግራ ጠቋሚ ጣት ጋር መቆላለፍ፣ ወይም አሥሩም ጣቶች ዱላው ላይ ማረፍ። እጁ ትንሽ ለሆነ ሰውና ለልጅ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይመቻል።

አሁን የአያያዙ ጥንካሬ። ለዚህ የማሳየው ምሳሌ ቡና የምትቀዳ እናት ናት። ጣቶቿ የጀበናውን ጆሮ አጥብቀው ይዘዋል፤ ጀበናው አይወድቅም። የእጇ አንጓ ግን ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ቡናው ከሲኒው ሳይዝረከረክ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንጓዋን ብታገትር ቡናው ረከቦቱ ላይ ይፈስ ነበር። ዱላውንም እንደዚያ ያዙት፤ ጣት ይጨብጥ፣ አንጓ ይለስልስ፣ ክንድና ትከሻ ይፈታ። ክንዳችሁ ላይ ጅማት ተገትሮ ካያችሁ በዝቷል፤ አራግፋችሁ እንደገና ያዙ።

በቀን አምስት ደቂቃ ቴሌቪዥን እያያችሁ ይዛችሁ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ሁለት ሳምንት። እጅ ሳያስብ ወደ ቦታው እስኪሄድ ድረስ ወደ ሌላው ብትቸኩሉ ተመልሳችሁ እዚሁ ትመጣላችሁ።

ደረጃ 2፦ አቋቋም

ሁለቱን የመጥረጊያ እንጨቶች እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን መሬት ላይ አስተኙ። በውጭኛው ሐዲድ ላይ ኳሷ ትሄዳለች፤ ወደ ዒላማው ያመለክታል። የውስጠኛው የእግር ጣቶቻችሁ መስመር ነው። ሁለቱ ሐዲዶች አይገናኙም፤ እግራችሁም በቀጥታ ወደ ዒላማው ሳይሆን ከዒላማው ትንሽ ወደ ግራ ያያል ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ ትከሻውን በዒላማው ላይ ይደግናል፤ ከዚያ ዱላው ወደ ቀኝ ሲሄድበት ወደ ግራ ሊጎትተው ይሞክራል። የሰውነቱ ጠማማነት ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው።

እግራችሁን ለ7 ቁጥር በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ፣ ኳሷን በሁለቱ እግሮች መካከል አድርጉ። ከዚያ ከዳሌ እጠፉ፤ ከወገብ ወይም ከጀርባ አይደለም። እንግዳ ሊያስታጥብ ማንቆርቆሪያ ይዞ ጎንበስ ያለ ልጅ ጀርባው ቀጥ እንዳለ ከዳሌው ነው የሚታጠፈው፤ ያንን አስታውሱ። ጉልበት ትንሽ ይላላ። ክብደት ተረከዝም ጣትም ላይ ሳይሆን የእግር መሐል ላይ ይረፍ። እጆቻችሁ ከትከሻችሁ ቀጥ ብለው ወደ ታች ይንጠልጠሉ።

ትክክል መሆኑን ለማወቅ አንድ ሰው ደረታችሁን በጣቱ ትንሽ ይግፋችሁ። ወደ ኋላ ከተንገዳገዳችሁ ክብደታችሁ ተረከዝ ላይ ነበር።

ደረጃ 3፦ ፑት

ምንጣፉን አንጥፉ፣ ብርጭቆውን በጎኑ አስተኙ፣ ኳሷን አንድ ሜትር ላይ አስቀምጡ።

1. ዓይናችሁ ከኳሷ ቀጥታ በላይ ይሁን። ለማረጋገጥ ሌላ ኳስ ከግራ ዓይናችሁ አጠገብ ጣሉ፤ መሬት ላይ ያለችውን ከመታች ወይም አጠገቧ ካረፈች ቦታው ትክክል ነው።
2. ትከሻችሁን እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ክንዶቻችሁ አብረው ይሂዱ። የእጅ አንጓ አይታጠፍ። አንጓ ከታጠፈ የፑተሩ ፊት በእያንዳንዱ ምት ይለያያል፤ አንድ ሜትር ላይ የጥቂት ዲግሪ ስህተት ጉድጓዱን ያስታል።
3. ኳሷ ከሄደች በኋላ አትመልከቷት። ብርጭቆው ሲንኳኳ በጆሯችሁ ስሙ። ይህ ጭንቅላትና ትከሻ ቀድመው እንዳይከፈቱ ያደርጋል።
4. ሁለት ኳሶችን ከፑተሩ ጭንቅላት ጥቂት ሰፋ አድርጋችሁ እንደ በር አስቀምጡ፣ ሳትነኳቸው በመሐላቸው ምቱ።

20 ተከታታይ ኳስ ከአንድ ሜትር ስታስገቡ ወደ ሁለት ሜትር እለፉ። 17ኛዋ ከሳተች ከአንድ ይጀመራል። አንዲት ተማሪዬ፣ ዕድሜያቸው ከ50 የዘለለ እናት፣ ይህንን ልምምድ ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ ቤታቸው ኮሪደር ላይ ሦስት ወር ሠርተዋል። ማታ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ብርጭቆው እንዳይጮህ ውስጡ መሐረብ ከትተው። መጀመሪያ ሜዳ ሲወጡ ኳሷን ከ60 ሜትር በላይ ማሻገር አይችሉም ነበር፤ ግሪን ላይ (ጉድጓዱ ያለበት፣ ሣሩ በጣም ያጠረ ቦታ) ሲደርሱ ግን ከእሳቸው ጋር የወጡት ወጣቶች ሦስትና አራት ፑት ሲመቱ እሳቸው በሁለት ጨረሱ። ፑተሩን ይዘው እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ የቆሙት አቋቋም ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ለሩቅ ፑት ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ አቅጣጫ ሳይሆን የጉልበት ልክ። ከአሥር ሜትር ላይ ጉድጓዱን አታስቡት። በዙሪያው የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ክብ በሐሳባችሁ ሥሩና እዚያ ውስጥ አሳርፏት። ከአሥር ሜትር የሚባክን ምት አብዛኛውን ጊዜ ግራ ቀኝ በመሳት አይመጣም፤ በማጠርና በማለፍ ነው።

ደረጃ 4፦ ቺፕ

ኳሷ ከግሪኑ ዳር ጥቂት ሜትር ርቃ ሣር ላይ ስትሆን የሚመታ አጭር ምት ነው። ፒቺንግ ዌጁን ያዙ።

እግራችሁን አንድ ጫማ ያህል ብቻ ክፈቱ። ከክብደታችሁ አብዛኛውን ግራ እግር ላይ ጣሉና እዚያው ተውት፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ። ኳሷ ከመሐል ጥቂት ወደ ቀኝ እግር ትጠጋ፣ እጆቻችሁ ከኳሷ ትንሽ ይቅደሙ። ከዚያ በፑተር ያደረጋችሁትን የትከሻ ውዝዋዜ ድገሙት። ሌላ የሚጨመር የለም።

የተለመደው ስህተት፦ ኳሷን ማንኪያ እንደሚጨልፍ ከሥር ለማንሳት መሞከር። ሰው ይህንን የሚያደርገው ኳሷ ወደ ላይ እንድትወጣ ፈልጎ ነው። ነገር ግን የዌጁ ፊት ራሱ ከ45 ዲግሪ አካባቢ ያዘነበለ ነው፤ ማንሳት የእሱ ሥራ ነው። እናንተ ወደ ታች ምቱ፣ እሷ ወደ ላይ ትወጣለች። ስትጨልፉ ዱላው ኳሷ ጋ ሳይደርስ መሬት ይነካል፣ ወይም ወደ ላይ እየወጣ አናቷን ይመታታል።

ማስተካከያው ፎጣው ነው። ከኳሷ በስተኋላ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ አጥፋችሁ አስቀምጡት። ፎጣውን ሳትነኩ ኳሷን ከመታችሁ ወደ ታች መትታችኋል። ይህ በካልሲ ኳስ ጊቢ ውስጥ ያለ ሥጋት ይሠራል።

ደረጃ 5፦ ግማሽ ስዊንግ

ስዊንግ ዱላውን ወደ ኋላ አንስቶ ወደ ኳሷ የማወዛወዝ እንቅስቃሴ ነው። እስካሁን ያደረጋችሁት በትከሻ ነው። አሁን እግርና ዳሌ ይገባሉ።

መርካቶ ጆንያ የሚጭኑ ሰዎችን ቆማችሁ ተመልከቱ። ጆንያውን ወደ መኪናው ሲወረውሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ያወዛውዙታል፣ ክብደታቸው ቀኝ እግር ላይ ይሆናል። ከዚያ እጃቸው ወደ ፊት ከመምጣቱ በፊት እግራቸውና ዳሌያቸው ይቀድማል። ክንዳቸው ብቻውን ቢወረውር በግማሽ ቀን ይዝሉ ነበር። የጎልፍ ምት ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ ከመሬት ወደ ላይ፣ እግር፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ በመጨረሻ ዱላ።

1. 7 ቁጥሩን ይዛችሁ ዱላውን እጃችሁ ወገባችሁ ትይዩ እስኪደርስ ብቻ ወደ ኋላ ውሰዱ።
2. እዚያ ቁሙና ተመልከቱ፦ ዱላው ከመሬት ጋር ትይዩ መሆን፣ የጭንቅላቱ ጫፍም ወደ ሰማይ ማየት አለበት።
3. ግራ እግራችሁን በመጫን ጀምሩ፣ ዱላው ሣሩን እየጠረገ ይለፍ።
4. እጃችሁ በሌላኛው ወገን ወገብ ላይ ሲደርስ አቁሙ። እምብርታችሁ ወደ ዒላማው ይይ።

የመጀመሪያዎቹን 100 ያለ ኳስ ሥሩ፤ የምትሰሙት ድምፅ የሣር መጠረግ ይሁን። ሣሩ የተጠረገበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲሆን ኳሷን እዚያ አስቀምጡ። የገና ጨዋታ እየተጫወታችሁ ያደጋችሁ እዚህ ጋ አንድ ልማድ መተው አለባችሁ፦ ገና ላይ ዓይን የምትሮጠውን ጥንግ ያሳድዳል፣ ምቱም የቅልጥፍና ነው። እዚህ ኳሷ ቆማ ትጠብቃችኋለች፤ የሚያስፈልጋት ጥድፊያ ሳይሆን ያው የተደጋገመ ጥርጊያ ነው።

ደረጃ 6፦ ሙሉ ስዊንግ

ግማሹን የሚችል ሰው ሙሉውን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። ትከሻችሁን ጀርባችሁ ወደ ዒላማው እስኪያይ አዙሩ፣ ዳሌ የዚያን ግማሽ ያህል ይዙር። ፍጥነቱ የምሳር ነው፤ ግንድ የሚፈልጥ ሰው ምሳሩን ቀስ ብሎ ያነሳል፣ ሲወርድ ክብደቱ ይሠራለታል። በአፋችሁ ቁጠሩ፦ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትሉ ዱላው ይነሳል፣ «አራት» ላይ ኳሷ ትመታለች።

ከመታችሁ በኋላ ኳሷ እስክታርፍ ድረስ ባላችሁበት ቁሙ። ደረታችሁ ወደ ዒላማው፣ ክብደታችሁ በሙሉ ግራ እግር ላይ፣ የቀኝ እግር ተረከዝ ተነስቶ። ሳትወድቁ ሦስት ሴኮንድ መቆም ካልቻላችሁ ከአቅማችሁ በላይ መትታችኋል፤ ጉልበቱን በሩብ ቀንሱ። ርቀቱ አያጥርም፤ ኳሷ በዱላው ፊት መሐል ስትመታ ጉልበት ከመጨመር የበለጠ ትሄዳለች።

ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «ጭንቅላትህን አታንሳ!» ይላችኋል። ይህ ምክር ከልክ ሲያልፍ ይጎዳል። ጭንቅላቱን በግድ መሬት ላይ የተከለ ሰው ትከሻው ተቆልፎ ወገቡን ያመዋል። ኳሷ ከሄደች በኋላ ጭንቅላት ከትከሻ ጋር አብሮ ይዙር።

ደረጃ 7፦ ኳሷ የምትነግራችሁን አንብቡ

አስተማሪ አጠገባችሁ በሌለ ጊዜ አስተማሪያችሁ የኳሷ በረራ ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ነው። በአየር ላይ የምትታጠፈው ደግሞ የዱላው ፊትና የዱላው መንገድ ስላልተስማሙ ነው።

በግራ ወይም ቀጥ ብላ ተነስታ ወደ ቀኝ የምትታጠፍ (ስላይስ)፦ የጀማሪ ዋና በሽታ። ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጠ መጥቷል፣ ፊቱም ለመንገዱ ክፍት ነው። መጀመሪያ አያያዛችሁን እዩ፤ ሁለት አንጓ ይታያል? ከታየ ባዶውን ሃይላንድ ከኳሷ ባሻገር አሥር ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ጥቂት ወደ ኋላ አቁሙት። ከውጭ የሚመጣ ዱላ ጠርሙሱን ይመታዋል፤ ከውስጥ የሚመጣው ሳይነካው ያልፋል። ጠርሙሱ ቆሞ እስኪቀር ድረስ በግማሽ ስዊንግ ተለማመዱ። ብዙ ሰው ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ ይበልጥ ወደ ግራ ይደግናል፤ ያ ግን ቆረጣውን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

በቀጥታ ወደ ቀኝ ሄዳ የማትታጠፍ፦ ፊቱና መንገዱ ተስማምተዋል፣ ሁለቱም ግን ቀኝ ያያሉ። ሐዲዶቹን አስተኝታችሁ አቋቋማችሁን አረጋግጡ።

መሬት ለመሬት የምትንከባለል፦ አናቷን መትታችኋል። ወይ ጨልፋችኋል፣ ወይ ስትመቱ ቀና ብላችኋል። ወደ ፎጣው ተመለሱ።

ዱላው መጀመሪያ መሬት ከቆፈረ፦ ክብደታችሁ ቀኝ እግር ላይ ቀርቷል። ጆንያውን አስታውሱ።

ድንገት በቀኝ በኩል ተፈናጥራ የምትወጣ፦ ኳሷ የነካችው የዱላውን አንገት እንጂ ፊቱን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ክብደት ወደ እግር ጣት ስለሄደ ነው። ግማሽ ጣት ያህል ራቁ፣ ክብደትን ወደ እግር መሐል መልሱ። ይህ ሲመጣ ሰው ይደነግጣል፤ አትደንግጡ፣ አንድ ማስተካከያ ይበቃዋል።

በአንድ ቀን አንድ ስህተት ብቻ አስተካክሉ። ሁለት ማስተካከያ አንድ ላይ ከጀመራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ደረጃ 8፦ የአዲስ አበባን አየር ቁጠሩበት

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን ብዙ አይዛትም፤ ባሕር ጠረፍ ላይ ከምትሄደው አሥር በመቶ ያህል ትርቃለች። እዚያ 130 ሜትር የምትሄድ ምት እዚህ ወደ 143 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ ከውጭ የመጣ የርቀት ሰንጠረዥ ላይ አትመኩ፤ በየዱላው አሥር አሥር ኳስ መትታችሁ የራሳችሁን መካከለኛ ርቀት ጻፉ። ስስ አየር ኳሷን የሚያጣምምበትም ጉልበት ያንሳል። እዚህ ትንሽ የምትመስል ስላይስ ጅቡቲ ወይም ዱባይ ብትጫወቱ ትሰፋለች።

በክረምት ሣሩ ረጥቦ መሬቱ ስለሚለሰልስ ኳሷ ካረፈችበት አትንከባለልም፤ ለቺፕ ወደ ጉድጓዱ ይበልጥ አስጠግታችሁ አሳርፏት። ከጥቅምት በኋላ መሬቱ ይደርቃል፤ ያው ምት ብዙ ትሮጣለች፣ ቀድማችሁ አሳርፏት። ሰርዶ ላይ የተቀመጠች ኳስ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ ለጀማሪ ታግዛለች። ባዶ መሬት ላይ ካረፈች ኳሷን ትንሽ ወደ ቀኝ እግር አስጠግታችሁ መጀመሪያ እሷን ምቱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ነጎድጓድ ከሰማችሁ በዚያው ቅጽበት ጨዋታውን አቁማችሁ ወደ ሕንፃ ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ረጅም ዛፍና ሜዳ ላይ የቆመ ሰው መብረቅ ይስባሉ። «ይቺን ጉድጓድ ልጨርስ» አይባልም። ፀሐዩም በዚህ ከፍታ ይበረታል፤ ደመና ቢኖርም ባርኔጣ አድርጉ።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ

ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ ከመሄዳችሁ በፊት የእንግዳ ሁኔታን ጠይቁ፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር መሄድ ይሻላል። ለመጀመሪያ ቀን ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ምረጡ። ካዲ (ቦርሳ ተሸካሚ) ከያዛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት በክፍያው ተስማሙ፣ በስሙ ጥሩት፣ የሜዳውን ተዳፋት ጠይቁት። በየቀኑ የሚረግጠው ሜዳ ስለሆነ ውሃ ወዴት እንደሚፈስ ያውቃል፤ ግሪን ላይ ኳስም የምትከተለው ያንኑ ነው።

- ኳሷ ወደ ሰው ከሄደች ሳታመነቱ «ፎር!» ብላችሁ ጩኹ። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ኳሴ ወደ አንድ ሰው ስትሄድ አፍሬ ዝም አልኩ። ጆሮውን ታክካ አለፈች። ሰውዬው ዞር ብሎ ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ማፈር አይገባም፤ ጩኹ።
- የጠፋች ኳስ የሚፈለገው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ የቅጣት ምት ጨምራችሁ ቀድሞ ከመታችሁበት ቦታ ትመታላችሁ። ልትጠፋ እንደምትችል ከጠረጠራችሁ ሳትሄዱ ሁለተኛ ኳስ መትታችሁ ያዙ፤ ከኋላ ያለው ሰው አይጠብቅም።
- ሕጉ ኳስ ጣሉ ሲል ከጉልበት ቁመት ነው የሚጣለው፤ ከትከሻ አይደለም።
- ፑት ስትመቱ ባንዲራው ጉድጓዱ ውስጥ መቆየት ይችላል።
- በሌላው ሰው ኳስና በጉድጓዱ መካከል ባለው መስመር ላይ አትርገጡ፤ የጫማ አሻራ ኳስ ያጣምማል።
- ግሪን ላይ ኳስ ያጎደጎደችውን ዳር ዳሩን ወደ መሐል ገፋ እያደረጋችሁ በፑተር ደልድሉ። የነቀላችሁትን ሣር መልሳችሁ ርገጡት።
- አሸዋ ውስጥ ከገባችሁ ለዛሬ ከኳሷ ኋላ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋውን ምቱ፤ አሸዋው ኳሷን ይዞ ይወጣል። ስትወጡ አሻራችሁን በመሰቅሰቂያው አስተካክሉ።

ለጀማሪ የምሰጠው ገደብ በአንድ ጉድጓድ ስምንት ምት ነው። ስምንተኛዋ ካልገባች ኳሷን አንሱና ቀጥሉ። ወረቀታችሁ ላይ ጠቅላላ ድምሩን አትጻፉ፤ ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ስንት ፑት መታችሁ፣ ስንቴ በፎጣው ልምምድ እንደምትመቱት ኳሷን ንጹሕ መታችኋት። በሚቀጥለው ሳምንት የትኛውን ደረጃ እንደምትደግሙ ያ ይነግራችኋል።

ቤት ስትገቡ የዱላዎቹን ፊት ለብ ባለ የሳሙና ውሃ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። በፊቱ ላይ ያሉት ጭረቶች ጭቃ ከያዙ ኳሷን ማሽከርከር አይችሉም፤ ግሪን ላይ አርፋ መቆም የሚገባት ኳስ ተንሸራታ ትሄዳለች። የላስቲክ መያዣውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ብረቱን በደረቅ ፎጣ አድርቁ፣ ቦርሳው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፎ ይደር።